ናሙናው እኛ፣ ውጤቱ ለማን?

አየር ጤና የሚባል ሰፈር አለን። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ደግ ዘመን ላይ የነበሩ መሆን አለባቸው። ከዚያው ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ፣ በዘነበወርቅና በረጲ በኩል፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው ቆሼ ተከምሯል። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር መስኮት እንዘጋለን፤ ሲመለስ እንከፍታለን። በሌላ በኩል ደግሞ ከወጨጫ ተራራ አቅጣጫ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ቀለሙን እየቀያየረ በጓሯችን ያልፋል። እኛ የኮልፌ ልጆች የአካባቢ ብክለትን የተማርነው ከመጽሐፍ በፊት በአፍንጫችን ነው።

ታዲያ ኮልፌ አልተጠናም የሚል ካለ ተሳስቷል። ኮልፌ ተጠንቶ፣ ተጠንቶ፣ ደግሞ ተጠንቶ ያለቀ ሰፈር ነው። አፈራችን በላስቲክ ተቋጥሮ ላቦራቶሪ ገብቷል። ውሃችን በጠርሙስ ተቀድቷል። ጎመናችን ደርቆ ተፈጭቶ በውስጡ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ ተለክቷል። እናቶቻችን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያስላቸው ተጠይቀዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ማስተርስ የያዘ አለ፤ ዶክትሬት የጫነ አለ፤ በውጭ አገር ጉባኤ ላይ ቀርቦ የተጨበጨበለት አለ። ምንም ያላገኘ ቢኖር የተጠናው ሰው ብቻ ነው።

ዳር ዳር ሳንል ሐሳባችንን እናስቀምጥ። የአካባቢ ሳይንስ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖረውን ሰው እንደ ናሙና መቁጠሩን ትቶ እንደ አጥኚ ሊቀበለው ይገባል። ይኼን የምንለው ለድሃ አዝነን አይደለም። «ተሳትፎ» የሚለው ቃል አምሮንም አይደለም። ነዋሪው ያልገባበት ጥናት እንደ ሳይንስም ቢሆን ጎደሎ ነው ብለን ስለምናምን ነው። ለዚህ ጉድለት የሚከፍለው ደግሞ የጥናቱ ባለቤት አይደለም፤ ከጉብታው ሥር የሚያድረው ሰው ነው።

መጠይቁ ሲመጣ

ጥናት ወደ ሰፈር እንዴት እንደሚገባ ላላያችሁ እንንገራችሁ። መጀመሪያ ለወረዳው የትብብር ደብዳቤ ይመጣል። ቀጥሎ ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት ሦስት ወጣቶች በር ያንኳኳሉ። በእጃቸው መጠይቅ አለ። መጠይቁ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ታስቦ፣ ቆይቶ ወደ አማርኛ እንደተገለበጠ ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሮ ያስታውቃል። «ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ያለዎት ግንዛቤ ምን ያህል ነው? ሀ. ከፍተኛ፣ ለ. መካከለኛ፣ ሐ. ዝቅተኛ።» ይኼን የሚጠየቁት ላስቲኩን ከብረቱ፣ ብረቱን ከጠርሙሱ እየለዩ ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። መልሳቸው «መካከለኛ» ተብሎ ይሞላል። እሳቸውን በእውነት የሚያስጨንቃቸው ነገር ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ሣጥን ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ከዚያ አጥኚዎቹ ያመሰግናሉ፤ ይሄዳሉ። ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጽሑፍ አንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ይወጣል። በመግቢያው ላይ «የጥናቱ አካባቢ» ተብሎ የኮልፌ ካርታ ይታያል። በመጨረሻው ላይ «መረጃ ለሰጡን ነዋሪዎች ምስጋና ይድረሳቸው» ይባላል። ነዋሪዎቹ መመስገናቸውንም አይሰሙም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው ተረት ለኛ የተተረተ ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍስሐ ኢታና የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላለው የብረታ ብረት ክምችት ያጠኑት ሥራ በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ታተመ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ጥናቶች ይጠቅሱታል። ከሥራው ከሚገኙት ትምህርቶች አንዱ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ይልቅ ጎጂ ብረቶችን የሚያከማቸው በጥቂቱ ነው የሚል ነው። እስቲ ይኼን ነገር ልብ በሉት። የአንድ ዓረፍተ ነገር እውቀት ነው። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ በጀት አይጠይቅም። ከጉልት የምትገዛ እናት ቅርጫቷ ውስጥ የምትጨምረውን ነገር ሊለውጥ ይችላል። ከወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ገበሬም የትኛውን መደብ በምን እንደሚሸፍን ሊያስብበት ይችላል።

አሁን ጥያቄው፦ ይኼን ዓረፍተ ነገር በእድር ስብሰባ ላይ የሰማ አለ? ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አፍ የሰማ አለ? ጉልት ተራ የሰማ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። እኛ በየደረስንበት አልሰማንም።

ጥፋቱ የተመራማሪው ነው እያልን አይደለም። ተመራማሪ ዕድገት የሚያገኘው በአብዛኛው በጆርናል ባሳተመው ጽሑፍ ነው። እድር ቤት ሄዶ ውጤቱን በአማርኛ ማስረዳት እንደ ጽሑፍ አይቆጠርለትም። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅትም የሚጠይቀው ሪፖርት ነው። ሰንሰለቱ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚጎትተው። ወደ ታች የሚመልስ አንድም ቀለበት የለውም። እኛ የምንጣላው ከዚህ ሰንሰለት ጋር ነው።

ከአደጋው በኋላ የተጠየቁ ሰዎች

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ጉብታ ተናደ። ከሥሩ የነበሩ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቀበሩ። የሟቾች ቁጥር ከ110 በላይ ሆነ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በዚያ ሳምንት የዓለም ካሜራ ሁሉ ኮልፌ ነበር።

ያን ጊዜ ነዋሪው ተጠየቀ። ለጋዜጠኞች ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች አንዳንዶቹ ቆሞ የነበረው የቆሻሻ መድፋት እንደገና መጀመሩን ምክንያት አደረጉ። ሌሎቹ እዚያው ይካሄድ የነበረውን የኃይል ማመንጫ ግንባታ ተጠያቂ አደረጉ። ባለሥልጣናት በበኩላቸው ቆሻሻ ለቃሚዎች መቆፈራቸውን አነሱ። ማን ልክ እንደነበር ለመፍረድ አልተነሣንም። እኛን የሚያንገበግበን ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ምልከታ የተሰበሰበው ከቀብር በኋላ መሆኑ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኼ ነው።

በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያንን ጉብታ ሲወጡና ሲወርዱ ይውሉ ነበር። ቆሻሻ ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ጋዝ ያምቃል፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ይንሸራተታል። ይኼ የመሐንዲስ እውቀት ነው። የትኛው ጎን እንደሚጨስ፣ የትኛው ቦታ እግር እንደሚውጥ፣ ከዝናብ በኋላ የቱ ጋ ውሃ እንደሚቋጥር ደግሞ እዚያ የሚውል ሰው እውቀት ነው። ሁለቱ እውቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ሊረዱ ይችሉ ነበር። አንድ ደብተር፣ አንድ ችካል፣ በየሳምንቱ ችካሉ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ የሚጽፍ አንድ ሰው፤ የሚጠይቀው ይኼን ያህል ነው። ያ ደብተር ቢኖር ያ ሌሊት ይቀር ነበር ብለን አንምልም። ደብተር መያዝ የሚችል ሰው ግን እዚያው በመቶዎች ነበር።

ነገሩ ደግሞ ከኮልፌ ውጪ ይጀምራል። ከተማው ቆሼን ለመተካት በሰንዳፋ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ አሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ወራት ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። የቆሻሻ መኪኖቹም ፊታቸውን አዙረው ወደ ቆሼ ተመለሱ። ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ጉብታው ተናደ። የአደጋው ሰበብ ይኼ ብቻ ነው አንልም። ግን የሰንዳፋ ገበሬ ቦታው ሲመረጥ፣ የጉድጓዱ ውሃ ሲለካ፣ የነፋሱ አቅጣጫ ሲጠና ከመለኪያው ጀርባ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ላይ ይገኝ ነበር። አንዱ ሰፈር ሳይጠየቅ የተሠራ ነገር ዕዳው ሌላው ሰፈር ላይ ይወድቃል።

«ሕዝቡ አልተማረም»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚሰነዘር መልስ አለ። «ሳይንስ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ያልተማረ ሰው የሰበሰበው ዳታ አይታመንም።» አክብረን እንስማውና በአገራችን ምሳሌ እንመልስ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ አድዋ ወንዝ ዳር ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የእንዶድ ምርምር የተወለደው እዚያ ነው። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 (እ.ኤ.አ.) «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ዶክተር አክሊሉ ታላቅ ሳይንቲስት የሆኑት ማይክሮስኮፕ ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ልብስ አጣቢዎቹን ሴቶች ስላዩ ነው። ኋላ ደግሞ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ሌላ የውሃ ተባይ እንዲገድል የሚውልበትን መንገድ ፓተንት አስመዘገበበት። የአድዋ ሴቶች ስም ግን የትም አልተመዘገበም። እውቀት ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ሲሄድ ስሙን መንገድ ላይ እንደሚጥል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ይኼ የቆየ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ዳንግላ እንሂድ። በአማራ ክልል ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሸጣ ቀበሌ፣ ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዝናብ መጠን፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት የሚለኩ ነዋሪዎችን አሰማሩ። ለኪዎቹ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። መሣሪያዎቹም ቀላል ናቸው፤ የዝናብ መለኪያ፣ ወንዙ ውስጥ የቆመ ባለ ቁጥር ሰሌዳ፣ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሜትር። ውጤቱ በ2016 (እ.ኤ.አ.) «ጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ» ላይ ሲታተም ተመራማሪዎቹ የነዋሪዎቹን ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት መረጃ ጋር አስተያይተው አስተማማኝ ሆኖ እንዳገኙት ጻፉ። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ሳተላይት ዳንግሸጣ ላይ አያድርም፤ ገበሬው ግን ያድራል።

ሦስተኛ ምሳሌ። በትግራይ ሐገረ ሰላም እና በአማራ ክልል ገረገራ 60 ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ 400 ዓይነት ስንዴ እያዩ እንዲመዝኑ ተደረገ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» ላይ ወጣ። የገበሬዎቹ ዳኝነት ከተመራማሪዎቹ ልኬትና ከስንዴው የዘር መረጃ ጋር ተዳምሮ ሊተነተን የሚችል፣ ወጥ የሆነ እውቀት ሆኖ ተገኘ። ሳር ተንተርሶ ያደገ ሰው ዓይኑ መሣሪያ ነው። ይኼን ለማወቅ ዲግሪ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለማስመስከር ግን ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ጆሮ ሰጡት። የጎደለንም ይኼው ጆሮ ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ እንጨምር። በአሜሪካ ሚሺጋን ክልል ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የውሃ ምንጯ ሲለወጥ ነዋሪዎች ቀለሙና ሽታው ተቀየረ፣ ልጆቻችን ታመሙ አሉ። ባለሥልጣናቱ ውሃው ደህና ነው ብለው መለሱ። አንዲት እናት፣ ሊአን ዋልተርስ፣ ቨርጂንያ ቴክ ከተባለ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ ጋር ተገናኘች። ነዋሪው በየቤቱ ወደ 300 የሚጠጋ የናሙና ዕቃ ይዞ የራሱን ቧንቧ ውሃ ቀዳ። ላቦራቶሪው ለካው፤ እርሳስ ተገኘበት። የመንግሥትን መግለጫ ያፈረሰው የባለቤቶቹ ጠርሙስ ነው። እዚያም ነዋሪዎቹ መጀመሪያ አልታመኑም ነበር።

የሰው መሣሪያ

በኮልፌ ሌላም ጥያቄ አለን። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ ጎን የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው የተባለለት ፋብሪካ ነው። ሐሳቡን አንጠላም፤ ቆሻሻ ከሚከመርብን ቢነድ ይሻለን ይሆናል። ግን ቆሻሻ ሲነድ ምን እንደሚወጣ የሚለካ መሣሪያ ካለ ቁጥሩ ለማን ነው የሚነገረው? በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይጎድላል? ፋብሪካው ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች እኛ እንሆን ነበር።

አየሩን በተመለከተ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ለዓመታት የአዲስ አበባን አየር ብናኝ በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲያሳውቁ ከነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች መካከል የአሜሪካ ኤምባሲ የተከላቸው ይገኙበታል። ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ ሳንባ ድረስ የሚገባውን ደቃቅ ብናኝ ይለኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከኤምባሲዎቹ የሚያገኘውን የአየር መረጃ ለሕዝብ ማጋራቱን አቆመ። በዋሽንግተን አንድ ሰው ወሰነ፤ በአዲስ አበባ አንድ መስኮት ተዘጋ። የሰው መሣሪያ የሰው ነው። የምንተነፍሰውን አየር ራሳችን ካልለካን የሌላ አገር በጀት ሲቀነስ እውቀታችን አብሮ ይቀነሳል።

ወረቀት ላይ ያለው መብት

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲነደፉም ሲፈጸሙም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ በተለይም ሊነካ የሚችለው ማኅበረሰብ እንዲናገር ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ በብክለት ላይ አቤት ማለት ይችላል ብሎ ነበር የወጣው።

አቤት ለማለት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ወንዙ ሌሊት ቀለም ይቀይራል ብሎ የሚከስ ሰው «በምን አወቅህ?» ይባላል። ቀን በሥራ ሰዓት የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሌሊቱን ፍሳሽ አያይም። የሚያየው ወንዝ ዳር የሚያድረው ሰው ነው። ስለዚህ መብቱን የሰጠን ሕግ መለኪያውን ካልሰጠን ግማሽ መብት ነው የሰጠን። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውናል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ የሌለው ወሬ ሐሜት ነው። እውነት ነው። የኮልፌ ሰው የሚያውቀው ነገር ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይዞ ከተጻፈ ማስረጃ ይሆናል። ካልተጻፈ የሰፈር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

«ተሳትፎ» ሲሉን

አትሳሳቱ፤ ተሳትፎ የሚባል ነገር ጠፍቶብን አይደለም። ተሳትፎማ ሞልቷል። አዳራሽ ይጠራል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ለስላሳ ይታደላል። የስም መቆጣጠሪያ ላይ ይፈረማል፤ ውሎ አበል ይከፈላል። አንድ ባለሙያ በፓወር ፖይንት ያቀርባል። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ሦስት ሰው ይናገራል፤ ሁለቱ ያመሰግናሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ማኅበረሰቡ በንቃት ተሳትፏል» ተብሎ ይጻፋል። ይኼ ተሳትፎ ሳይሆን ታዳሚነት ነው። ለሠርግ ይሆናል፤ ለሳይንስ አይሆንም።

ሌላም ወጥመድ አለ። «እናንተ ለኩልን» ብሎ ደሃውን በነጻ ማሠራት። ተመራማሪው በበጀት፣ ነዋሪው በጽድቅ! እሱንም አንቀበልም። ጠዋት ማታ ወንዝ ወርዶ የሚለካ ሰው ጊዜውን ነው የሚሰጠው። ለጊዜው ይከፈለው። ለሥራው ስሙ ይጻፍለት።

ደግሞ እኛ ነዋሪው ሁልጊዜ ልክ ነው እያልን አይደለም። ሽታ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ መርዝ ሁሉም አይሸትም። እርሳስና ካድሚየም በዓይን አይታዩም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋሉ። ሰው የፈራውን ነገር አጋኖ ያያል። ለዚህ ነው መለካት ያስፈለገው። ነዋሪው የጠረጠረውን ይጠቁም፤ በሥርዓት ይመዝግብ። ላቦራቶሪው ያረጋግጥ ወይም ያፍርስ። ጥርጣሬያችን ፈርሶ «ይኼ ጎመን ይበላል» ብንባል ከኛ በላይ የሚደሰት አይኖርም።

«ሕዝቡን ታሸብራላችሁ» የሚሉንም አሉ። ሕዝቡ ተሸብሮ ነው የኖረው! ሰውን የሚያሸብረው ያላወቀው ነገር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው የቱን ምንጭ እንደሚተው፣ ልጁን የት እንደማያጫውት፣ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የምንጠይቀው

ምኞት ብቻ እንዳይመስል የምንፈልገውን በቁጥር እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ጥያቄው ከኛ ጋር ይረቀቅ። ኮልፌን ሊያጠና የሚመጣ ሁሉ መጠይቁን ከማተሙ በፊት ከእድር ዳኞች፣ ከቆሻሻ ለቃሚዎች፣ ከወንዝ ዳር አትክልተኞችና ከሰፈሩ እናቶች ጋር ይቀመጥ። ምን ማወቅ እንደምንፈልግ ይጠይቀን።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከኛ ይሁን። የዝናብ መለኪያ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል። የውሃን አሲድነት የሚያሳይ ወረቀት ውድ አይደለም። የአየር ብናኝ የሚለኩ አነስተኛ መሣሪያዎች በትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ሊሰቀሉ ይችላሉ። የሳይንስ ክበብ ያላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ክበቦቹ ግን ለበዓል ቀን ኤግዚቢሽን ብቻ ሲነቁ እናያለን። ከትንሹ አቃቂ ድልድዮች ሦስቱን ለሦስት ትምህርት ቤቶች እንስጥ። ቀለም፣ ሽታ፣ አረፋ፣ ሰዓት፤ በየቀኑ ይመዝግቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከተማው ያልነበረው መዝገብ ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ይመለስ። በመጽሔት ከመውጣቱ ጋር እኩል፣ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና ሰፈሩ በሚናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች ተጽፎ ወረዳና እድር ቤት ይለጠፍ። ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት ሳይመልስ ለሄደ ጥናት የመጨረሻውን ፊርማ አይስጡ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሰው ፈቅዶ ደሙን መስጠቱን ይጠይቃሉ፤ የደሙ ውጤት ተነግሮት እንደሆነም ይጠይቁ።

አራተኛ፣ መዝገቡ የጋራ ይሁን። የሰፈሩ መረጃ ሰፈሩ ውስጥ ይቅር። አጥኚው ኮፒ ይውሰድ። ዛሬ የምናየው ተገላቢጦሽ ነው።

እነዚህ አራቱ አዲስ አዋጅ አይፈልጉም፤ አዲስ ሚኒስቴርም አይፈልጉም። ዳንግሸጣ ላይ ሆኗል፤ ገረገራ ላይ ሆኗል። ሺህ ሜትር ርቀት ላይ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ስልክና መብራት ባለበት ኮልፌ የማይሆንበትን ምክንያት የሚነግረን ካለ እንስማው።

እስከዚያው ግን ከኛው እንጀምር። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ አባቶች። በሚቀጥለው ሳምንት ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ አታባርሩት። አስገቡት፤ ቡና ካለ ቡና ስጡት። መጠይቁን ከመሙላታችሁ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። «ልጄ፣ ይኼን ጥያቄ ማን አወጣው?» እና «መልሱን መቼ ነው ይዘህልን የምትመለሰው?» ቀን ከነገራችሁ ጻፉት፤ ስሙንና ስልኩንም ከሥሩ ጻፉ። የሰፈራችን የመጀመሪያው የጥናት መዝገብ እዚያ ገጽ ላይ ይጀምራል።